ትንሿ ቮልጋና የተነከሰው ዳቦ

ሳማርካንድ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለምወድህም ለምናደድብህም ወንድምዓለም፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትክ? ብርዱ ገና ከአሁኑ ጀመራችሁ? የባለቤትህ ወገብ ተሻላት? ትንሿ ዙላይሆስ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? እኔም ባለቤቴም ልጆቼም አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ እኔስ ከትናንት ጀምሮ ደህና አይደለሁም። ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ጠዋት ሻይ ቀድቼ ጨው ጨመርኩበት፤ ባሌ ፊቴን አይቶ ፈርቶኝ እንዳለ ጠጣው። ጽሕፈቴ ከጠመመብህም ታገሠኝ። ይህ እጅ እኮ የከተማውን ሰው ሁሉ ጥርስ የሚሠራ፣ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚደፍን እጅ ነው። ዛሬ እስክሪብቶ መያዝ አቃተው።

ምነው በደብዳቤ አትለኝም? ስልክ ላይ «አባባ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ መስመሩ ይቆረጣላ! ስለ ሰባኛ ዓመታቸው ግብዣ ያነሳሁብህ ቀን ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብደውል፣ ብደውል አታነሳም። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትቀደውም አንብበህ ነው የምትቀደው፤ አውቅሃለሁ።

ያመጣችልህን ሴት ደግሞ በር ላይ አቁመህ እንዳትመልሳት። ኦይባርቺን ናት። አዎን፣ ያችው ሙሽራዋ ኦይባርቺን! ዘቢብና ለውዝ እየነገደች እናንተ ዘንድ፣ ሩሲያ ኦሬንቡርግ ድረስ ትመላለሳለች። አድራሻህን ስሰጣት በሳቅ ፈረሰች። «ያ ጉደኛ! በሠርጌ ቀን ጭቃ ያስረገጠኝ!» አለች። ቅያሜ እንዳለባት ብጠይቃት፣ «የምን ቅያሜ? የሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ተረስቶ የኔ ብቻ ነው እስከ ዛሬ የሚወራው። ልጆች ወልጄ እንኳ ሙሽራዋ ነው የምባለው» አለችኝ። ሰማህ? ጭቃው የነካት ሴት ስቃበት አልፋዋለች። አንተና አባባ ናችሁ እስከ ዛሬ ጭቃው ውስጥ የቆማችሁት።

የማውቀውን ለምን ትነግሪኛለሽ እንዳትለኝ፤ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። ያን ዕለት ዝናብ ነበር። አባባ በዚያች ሰማያዊ ቮልጋ መኪናቸው የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያደርሱ ነበር፤ አንተ ለምነህ ለምነህ መሪውን ተቀበልክ። መስጊዱ ጋ ስትታጠፍ ሙሽራዋን እንደያዝክ ቦይ ውስጥ ገባህ። የቀኙ ፓራፋንጎ ተጨራመተ፣ ኮፈኑ ላይ የነበረችው የብረት አጋዘን ተቆርጣ ጭቃ ውስጥ ቀረች፣ ኦይባርቺን ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ ወደ ሙሽራው ቤት ሄደች። አባባ በሰፈሩ ሰው ፊት በጥፊ መቱህ። ቀንደ መለከት ነፊዎቹ እንኳ መለከታቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ልጅ የለኝም» አሉ። አንተም አላነስክም፣ «እኔም አባት የለኝም» ብለህ ሻንጣህን ማሰር ጀመርክ።

በሩ ላይ የያዘችህ እማማ ነበረች፤ አላህ ይርሐማት። ትኩስ ዳቦ በሁለት እጇ አፍህ ላይ ይዛ «ንከስ» አለችህ። እምቢ አልክ። «ትነክሳለህ! ሳትነክስ ከዚህ በር ብትወጣ ጡቴን እንደነከስከው ይቁጠርልህ» አለችህ። ያኔ ነከስክ። ከእንጆሪው ዛፍ ወድቀህ የሸረፍካት የፊት ጥርስህ በዳቦው ላይ ምልክቷን ተወች። እማማም የቀረውን ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀለችው። «የነከሰ ይመለሳል፤ መጥቶ ይጨርሰዋል» እያለች ስታልፍ ስታገድም አቧራውን ታራግፍለት ነበር። እሷ ያለፈች ቀን ሳትደርስ ቀበርናት፤ አንተን አልወቅስም፣ ቀብር አይጠብቅም። ከአርባዋ በኋላ ወደ ቤት ስሄድ ሚስማሩ ባዶ ነው።

«ዳቦው የታለ?» አልኳቸው።

«ለዶሮ ሰጠሁት» አሉኝ አባባ።

ይህን ለአንተ ነግሬህ አላውቅም፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ! መሬት የወደቀ ፍርፋሪ አንስተው፣ ስመው፣ ግንብ ላይ የሚያስቀምጡ ሰው የልጃቸውን ዳቦ ለዶሮ! በዚያው ሳምንት ቮልጋዋንም ለኡርጉት ሰው ሸጥኳት አሉ። ከዚያ ወዲህ እኔም ተስፋዬን ቆረጥኩ፤ የሞተ ነገር አይነሳም ብዬ ተውኩት።

ዘንድሮ ግን ሰባ ሲሞላቸው ምን ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ። ሰው ለአባቱ ካባና ቆብ ያለብሳል። እኔ መኪናቸውን ልመልስላቸው አልኩ፤ ክንድ በምታህል ርዝመት፣ ከእውነተኛዋ አንድ አሥረኛ፣ ነገር ግን ማናቸውም ቮልጋ ሳትሆን የእሳቸዋን ቮልጋ። ባሌ «አበድሽ?» አለኝ። አላበድኩም። ጥርስ የሚሠራ ሰው ቅርጽ ማውጣት ይችላል። በሰም ቀረጽኳት፣ በጀሶ አተምኳት፣ ለጥርስ መያዣ የምንጠቀምበትን ዱቄት በጥብጬ አፈሰስኩባት። ከጀሶው ስትወጣ ታዲያ ሮዝ ሆና አትወጣ መሰለህ? የድድ ቀለም! ሌላ ቀለም ዱቄት የለንማ። ድድ የመሰለች ቮልጋ ጠረጴዛዬ ላይ ቆማ ደንበኞቼ ሁሉ ሳቁብኝ። አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ ለመኪናም ጥርስ ታወጪያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የፊቷን ፍርግርግ ለማበጀት ስቀመጥ ያን ያህል ጥርስ ያለው አፍ አይቼ አላውቅም።

አጋዘኗን ለወርቅ ጥርስ እንደምናደርገው በሰም ሠርቼ በቀለጠ ብረት አወጣኋት። ጎማዎቹን የአፍ ልክ ከምንወስድበት ላስቲክ አወጣሁ፤ በቀለም አጠቆርኩት። የወንበሩን ልብስ ከእማማ ጥልፍ ጨርቅ ቆረጥኩ፤ እውነተኛዋ ላይ የነበረውም የእማማ ጥልፍ አልነበር? መስታወቱ ላይ ክታቡንና ቀዩን በርበሬ ሰቀልኩ፤ በርበሬዋን ከሩዝ ፍሬ ፈልፍዬ ነው ያወጣኋት። ከጭነት መኪና ነቅለው ያስገቧትን ያቺን ጉደኛ ክላክስ ሳይቀር ሠራኋት። አትጮህም እንጂ አለች።

አንድ ነገር ግን አቃተኝ። ቤት ያሉት ፎቶዎች ሁሉ ከግራ የተነሱ ናቸው፤ ሙሽሮቹ የሚቆሙት በግራ ነዋ። የቀኝ ጎኗን የሚያሳይ አንድ ፎቶ የለም። ቀለሟም በፎቶው ደብዝዟል።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አባባ ጥርስ አንዲት ነገር ልንገርህ፤ ኋላ ታስፈልግሃለች። በጸደይ የላክህልኝን የዙላይሆን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ያንን ከጆሮ እስከ ጆሮ የምትስቅበትን። «የእማማን ስም ሰጥቷታል» አልኳቸው። አይተው አይተው፣ «ስልክሽን አጥፊው፣ ባትሪ ይጨርሳል» አሉኝና ወጡ። በበጋ የቀሩት ጥርሶቻቸው ሲነቀሉ ተነቃይ ጥርስ ልሠራላቸው ልክ ወሰድኩ። ቆንጆ አድርጌ፣ ገጥሜ አሳየኋቸው። በመስታወት አይተው ተቆጡ። «ፍንጭቴስ?» አሉ። ልጅነታቸው ተመልሶ ነው ብዬ ሳቅኩ። «በዚህ ዕድሜ ፍንጭት ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው፣ «ሰው ዘሩን ይምሰል!» ብለው ጮኹብኝ። ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ አፍርሼ መሐሉን ከፍቼ ሠራሁላቸው። አንተ ፍንጭት የለህም፣ እኔም የለኝም። ማን እንዳላት አንተ ታውቃለህ።

በመኸር መጀመሪያ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ፤ ተሰንጥቋል። ከፍንጭቱ አጠገብ ያለችው ጥርስ ጥጓ የለም። «በምን ሰበሩት?» አልኳቸው። «የኮክ ፍሬ ነክሼ» አሉ። ቁጣዬን ለቀቅኩባቸው። «ቁራጯንስ? ብትኖር መልሼ እለጥፋት ነበር» አልኳቸው። «ውጬዋለሁ» አሉ። ጠገንኩላቸው፤ ጥጓን በአዲስ ሞላሁት፤ ቀለሟ ትንሽ ነጣች። ያን ሁሉ ስቆጣ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉኝ፤ አባባ ለኔ ዝም! ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ቮልጋዋን ሲጠግን የኖረው መካኒኩ ሐምሮቁል ነው፤ ታስታውሰዋለህ፣ ከአባባ ጋር ዓሣ የሚያጠምደው። በቁራጭ ላይ የበጠበጥኩትን ሰማያዊ ቀብቼ፣ መጠኗንም እንዲነግረኝ ጋራዡ ሄድኩ። ቮልጋ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። «ተሸጠች እኮ፤ ኡርጉት ነው ያለችው፣ ወይ ካሺ» አለኝ። «የቱ ነው? ኡርጉት ነው ካሺ?» ብለው፣ «እዚያ አካባቢ» አለ። ቀለሙን አሳየሁት። አይቶ ዝም ለማለት ሞከረ፤ አልቻለም። «ይሄማ አረንጓዴ ገባበት» አለ። ይሁን ሰማያዊ ነው አልኩት። «ምን ሰማያዊ ነው! ዓይን የለሽም? እንዲህ ያለ ቀለም ቮልጋ ላይ ቀብተሽ እኔን ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ብሎ ክንዴን ይዞ እየጎተተ ከጋራዡ ጀርባ ወሰደኝ። ቁልፍ ከፈተ፣ ሸራ ገፈፈ፣ «ሰማያዊ ይሄ ነው!» አለ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ገባውና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሰውየው መዋሸት ይችል ይሆናል፤ የተሳሳተ ቀለም አይቶ ማለፍ ግን አይችልም።

ወንድሜ፣ ቮልጋዋ ነበረች። ወላሂ ራሷ ነበረች። እዚያው ያገኘሁት ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ሞተሩ አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ አጋዘኗ ኮፈኑ ላይ ተመልሳ ቆማለች። የቀኙ ፓራፋንጎ ብቻ ያን ቀን እንደተጨራመተ ነው። «ይሄንንስ ለምን ተውከው?» አልኩት። «ላሜራውን ላቃናው ብዬ መዶሻ ባነሳ እጄን ሊሰብሩኝ ደረሱ። እሱን እንዳትነካ አሉኝ» አለ ሐምሮቁል። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ እየመጡ መሪውን ይዘው ይቀመጣሉ አለኝ። «የት ይሄዳሉ?» ብለው፣ «የትም። ያስነሱታል፣ ያዳምጡታል፣ ያጠፉታል። አንዳንዴ ከሺምከንት ወዲያ ማደያ የት የት አለ ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ?» አለና፣ «አባትሽ ይገድሉኛል፤ አላየሁም በይ» ብሎ ለመነኝ። ሺምከንት እኮ ወደ አንተ በሚያመጣው መንገድ ላይ ናት!

አላየሁም እላለሁ ብዬ ማልኩለት። ሜትሬን አውጥቼ የቀኝ ጎኗን ለካሁ። የኋላውን በር ከፈትኩ። ከኋላ ወንበር በላይ፣ መስታወቱ ሥር፣ የእማማ የሐር ሻሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፈታሁት።

ዳቦህ ነበር።

ለዶሮ የተሰጠው ዳቦህ! እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ የተሸረፈችው ጥርስህ ምልክት እስከ ዛሬ አለች። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሐምሮቁል ውኃ ሊያመጣ ሮጠ። ኋላ ልጠቀልለው ሳዞረው በሌላው ወገን ሁለተኛ ንክሻ አየሁ። ንክሻ እንኳ አይባልም፤ ሰው ሊነክስ ታግሎ ያቃተው ጭረት ነው፣ ከመሐሉ ፍንጭት። በጭረቱ መጨረሻ አንዲት ነጭ ነገር ተሰክታለች። በጥፍሬ ነቀልኳት። የጥርስ ጥግ ናት። እኔ የሠራኋት ጥርስ፣ እኔ የመረጥኩት ቀለም። የኮክ ፍሬ ብለውኝ ነበር! ውጬዋለሁ ብለውኝ ነበር! ሐምሮቁል ውኃውን ይዞ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ሲለኝ በጭብጤ ደብቄ ኪሴ ከተትኳት።

ለማንም አልተናገርኩም። ቤቴ ገብቼ ሥራዬን ጨረስኩ። ቀለሙን አስተካከልኩ። የቀኙን ፓራፋንጎ በጋለ ማንኪያ ተጭኜ እንደ እውነተኛዋ አጨራመትኩት። አዝራር የምታህል ዳቦ ሠርቼ ከኋላ መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩ፤ ያንተን ንክሻ አደረግሁባት፣ የእሳቸውን ግን ተውኩት። ምስጢራቸው ነው፣ እኔ ማን ነኝ የማወጣባቸው?

ግብዣው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሩዛቸውን በልተው፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ሻይ ሲቀርብ ይዣት ገባሁ። ጨርቁን ሳነሳ የሁሉም አፍ ተከፈተ። አንዱ «ቤንዚን ስንት ትጠጣለች?» አለ። ሌላው «በጥርስ ሳሙና ነው የምትሄደው!» አለ፤ ተሳቀ። አባባ አልሳቁም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጣታቸው አጋዘኗን ነኩ፣ በሩን ከፍተው ዘጉ። ቀኙን ሲያዩ አውራ ጣታቸው የተጨራመተው ላይ ቆመ። ሐምሮቁልን ቀና ብለው አዩት፤ እሱ ኩባያው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ከዚያ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በኋላ መስታወት ተመለከቱ።

«ሥራሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ዳቦው ላይ ግን አንድ ንክሻ ጎድሎታል።»

ሐምሮቁልን ሻዩ ትን አለው። ሌሎቹ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ተባባሉ። ሰው ፊት እኮ ነው! ለእጃቸው ውኃ ሳፈስ ግቢው ውስጥ ብቻችንን ሆንን። ለምን ነከሱት አልኳቸው። «መንገደኛ ነዋ የሚነክስ» አሉ። «ማን ያዘልዎት?» አልኳቸው።

«ማንም» አሉ። «የሚይዝልኝማ ቢኖር ጥርሱ በተሰበረብኝ ነበር?»

ጠብታውን ሳላደርቅላቸው ፎጣውን ነጥቀውኝ ገቡ። ብርዱ ሳያልፍ ወደ አንተ አይነሱም፣ በጸደይ አብሬያቸው እሄዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ነኝ! ያን የሚያህል እልኸኛ ሰው ጸደይን ሊጠብቅ?

ትናንት ጠዋት ሐምሮቁል አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ እየሮጠ መጣ። «ተሰረቅን! ቮልጋዋ የለችም!» አለ። ወደ አባባ ቤት በረርኩ። በሩ ተዘግቷል፣ አልጋው ተነጥፏል። ስደውልላቸው ስልካቸው ማዕድ ቤት ውስጥ ጮኸ። ትንሿ ቮልጋ መደርደሪያው ላይ ናት። ቀና ስል ከበላይዋ፣ ከዚያች ባዶዋን ከኖረች ሚስማር ላይ፣ ዳቦ ተሰቅሏል። ትኩስ ነው፣ ለብ ይላል። ተነክሷል፤ ከመሐሉ ፍንጭት፣ ንጹሕ፣ ጥልቅ ንክሻ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ወዴት እንደሄዱ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። የቸገረኝ ይህ ዳቦ ነው፤ ለሰባ ዓመት ሰው፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው፣ በማለዳ ዳቦ ማን ያዘለት? ስወጣ የአባባ ጎረቤት ኦይባርቺን በሯ ላይ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። አባባ ከፈጅር ሶላት ሲመለሱ በሯን አንኳኩ። ከዳቦ ቤት የገዙት ዳቦ ብብታቸው ውስጥ ነው። «ልጄ፣ ይህን ያዢልኝ» አሏት። በሁለት እጇ ያዘችላቸው። ነከሱ። ወዴት ነው አባታችን ብትላቸው፣ «ከመኪና ያወረደሽን ልጅ ላመጣው ነው፤ ይቅርታ ይጠይቅሻል» አሏት። ሳቅኩ አለችኝ፤ ስስቅ እንባዬ ቀደመኝ አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ያልሰጠሁት ለዚህ ነው። ነገ ትበራለች፤ አውሮፕላን ከቮልጋ ይፈጥናል። ከእሷም መልእክት አለህ፦ «ከቦዩ እስከ ባሌ ቤት ያለው መንገድ ይቀረኛል፤ መጥቶ ያድርሰኝ» ብላሃለች።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አባትህ በዚያ በረሃ መንገድ ብቻቸውን እየነዱ ነው። እፈራለሁ። ሞተሩ ደህና ነው ይላል ሐምሮቁል፤ እኔ የምፈራው ሞተሩን አይደለም። እዚያ ድረስ ሄደው በር ተዘግቶባቸው ቢመለሱ፣ ያ መመለስ ይገድላቸዋል። እንደ ልማድሽ ፈጠርሽ እንዳትለኝ፣ ቁራጯን በጥጥ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ሲመጡ አፋቸውን እይ፤ ከፍንጭቱ አጠገብ የነጣች ጥግ አለች። ከቁራጯ ጋር አስተያያት።

ያ አሮጌ ዳቦ አብሯቸው ነው። ሻሹን ፊትህ ዘርግተው «ና ጨርስ» ይሉሃል፤ ሌላ ነገር መናገር አያውቁበትም፣ ከሳቸው ይቅርታ የምትል ቃል አትጠብቅ። በደረቁ እንዲነክሱት እንዳትፈቅድላቸው፤ ሌላ ጥርስ አልሠራም። ትኩስ ሻይ ቅዱና ነክራችሁ ሁለታችሁም ብሉት። ሚስማሩ ላይ ያለውን እኔ እጠብቀዋለሁ፤ አቧራውን አራግፍለታለሁ።

አላህ መንገዳቸውን ያቅናላቸው፣ ያንተንም ልብ ያራራልህ። ቤትህን ይባርክልህ፣ ልጅህን ያሳድግልህ፣ የባለቤትህን ወገብ ያጽናላት። የእማማ ዱዓ አይለያችሁ።

ያን የጭነት መኪና ክላክስ ትረሳዋለህ ብዬ አላስብም። ከደጅህ ሲጮህ ብትሰማ፣ በሩን ራስህ መክፈት ካቃተህ፣ ፍንጭቷን ልጅህን ላካት።

የምትናፍቅህ፣ የምትቆጣህም
እህትህ